አንድ ዩኒፎርም ለሁለት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ዩኒፎርም የምትሰፋው ሸሪፋ ልብሱን በካውያ ሳታሞቅ ለልጅ አታስለብስም፤ የሚቸኩል ወላጅ ካለ ትቆጣዋለች።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ አሥረኛ ክፍል ከምትማረው እህቷ ከረውዳ ጋር የነበራቸው አንድ ዩኒፎርም ብቻ ነው። ረውዳ ጠዋት ተምራ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው እየሮጠች ትመጣና ታወልቃለች፤ ሸሪፋ ሙቀቱ ሳይለቀው ለከሰዓቱ ፈረቃ ትለብሳለች። "ሁልጊዜ ያንቺን ላብ፤ ለኔም የራሴን ያሰፉልኝ" እያለች በየቀኑ ትነጫነጭ ነበር።

ጥር ላይ አባታቸው ረውዳን ከትምህርቷ አስቀርተው ደጋን ከተማ ላለ ሰው ዳሯት። በማግስቱ እናታቸው ዩኒፎርሙን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና "አልሐምዱሊላህ በይ፣ ይኸው ለብቻሽ ሆነልሽ" አሏት።

ሸሪፋ አጠለቀችው። የደሴ ብርድ ገብቶበት ቀዝቅዟል። እስኪሞቅላት ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ትምህርት ቤት ሳትሄድ መሸ።