የሰበታው ኦሮምኛዬ

የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ሰበታ ውስጥ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። አዲስ አበባ ስላደግሁ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ግን አብራኝ የተመደበችው ጓደኛዬ የቡራዩ ልጅ ነች፤ በሁለቱም ቋንቋ እንደ ልቧ ታወራለች። እኔ መድኃኒቱን አወጣለሁ፣ እሷ አወሳሰዱን ታስረዳለች፤ ተመችቶን ነበር።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ በዙሪያው ከተሞች ረብሻ የነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት በቡራዩ በኩል መንገዱ በድንጋይ ተዘጋና ጓደኛዬ ቀረች። እኔ እዚያው ሰበታ ተከራይቼ ስለነበር ገባሁ።

«ዛሬ አንቺ ታስረጃለሽ» አሉኝ አሰልጣኛችን፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። «ቆሪቻ ከና ኛታ ቦዳ ፉደዳ። ይህን መድኃኒት ከምግብ በኋላ ይውሰዱ ማለት ነው።» ደጋግመው አስጠኑኝ።

ታክሲ ስላልነበረ ከከተማው ዳር በእግራቸው የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ቀድመው ገቡ። ሰውየው ትከሻቸውን ያማቸዋል፤ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ክኒን ታዞላቸዋል። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

«ቆሪቻ ከና ኛታ ቦዳ ፉዳ» አልኳቸው።

ሰውየው ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። ሚስትየው በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ። አሰልጣኜም ከመደርደሪያው ኋላ ሲስቁ ሰማሁ።

«ምን አልኩ?»

«መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ያግቡት አልሻቸው» አሉኝ አሰልጣኜ።

«እኔ እሺ፣ እሷን አስፈቅጂልኝ» አሉ ሰውየው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«አማርኛ ይችላሉ እንዴ አባባ?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ፊቴ ቢቀላም ሳቁ ልቤን ቀለል አደረገው። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላቆምኩም። ጠዋት ምን ይበላሉ? ስል፣ ረመዳን እንደያዙና ቀን እህል እንደማይቀምሱ ነገሩኝ። እኔ ጠዋት ያልኩት በእኔ ቁርስ ለክቼ ኖሯል። አሰልጣኜን አማክሬ፣ አንዱን ማታ ሲያፈጥሩ፣ ሌላውን ሳይነጋ ሱሑር ላይ፣ ሁለቱንም ምግብ ከቀመሱ በኋላ እንዲወስዱ ተስማማን።

መድኃኒት የሚያስታውሷቸው ግን ሚስትየው ናቸው፤ አማርኛም ብዙ አይሰሙም። ስለዚህ ለእሳቸው በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። «ፉ-ደ-ዳ» እያሉ አፌን አቃኑልኝ።

ይህን ስንል ከዋናው መንገድ ጩኸት ተሰማ። አሰልጣኜ በሩን ገርበብ አደረጉና እስኪረጋ ድረስ ሁላችንም ውስጥ ቆየን። ሚስትየው እንደ ልጃቸው አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ምን ያህል እህትና ወንድም እንዳለኝ፣ ማን እንደሚያበስልልኝ ጠየቁኝ፤ ባልየው ያስተረጉማሉ። ከሰዓት መንገዱ ጭር ሲል ተሰናብተውን ሄዱ።

ጓደኛዬ መንገዱ ተከፍቶ ስትመለስ ማስረዳቱን ተራ በተራ አደረግነው። የኔ ተራ ሲሆን አጠገቤ ቆማ፣ ስሳሳት ክንዴን ቆንጠጥ ታደርገኝ ነበር።