ሽፈራው ድኗል ወይ? ከዲላ ሀዋሳ ደርሶ መልስ

ማለዳ፣ ዲላ መናኸሪያ

ሌላ ጊዜ ሀዋሳ የምሄደው ለሱቄ ቴርሞስና ጀሪካን ለመጫን ነው። የዛሬው መንገዴ ግን ለዕቃ አይደለም፤ የባለቤቴን ወንድም ሽፈራውን ይዤ ለሆስፒታል ቀጠሮ ነው። ከጦር ሜዳ ሲመለስ እጅ እግሩ ሙሉ ነበር፤ እንቅልፉ ግን እዚያው ቀረ። አንድ ሌሊት ባንኖ የሚስቱን የአስቴርን አንገት አነቀ። አስቴር ልጃቸውን ይዛ ሀዋሳ፣ ታቦር እናቷ ቤት ገባች፤ "ሐኪም ድኗል ሲል እመለሳለሁ" ብላ። እሱ እኛ ቤት ገባ፤ ሕክምና ከጀመረ ከርሟል። ዛሬ ሕክምናው ምን እንዳመጣ ይመዝኑታል።

መንገድ ላይ

ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ሽፈራው የኋለኛውን ወንበር ጥግ ያዘ፤ ከጀርባው ሰው እንዲቀመጥ አይወድም። ይርጋለም መገንጠያ ስንደርስ ሴቶች አናናስ በመስኮት አቀበሉን። አንዱን አሽትቶ "ይሄ ገና ነው ጋሽ በቀለ፣ አይግዙ" አለኝ። አምና ቢሆን ሰው መስኮቱን ሲነካ ደንግጦ ወንበር ሥር ይገባ ነበር። ልብ አልኩት።

ረፋድ፣ ሆስፒታል

የምትመረምረው ሲስተር ወጣት የሲዳማ ልጅ ናት፤ ፈገግታዋ ቁጥብ፣ ጥያቄዋ ብዙ።

"እንቅልፍ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቅዠትስ?"

"ተመስገን፣ ደህና ነው።"

"ሰው ሲያናድድህስ?"

"ምን እሆናለሁ፣ ተመስገን።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሺ፣ እግዚአብሔርን አመስግነን ጨርሰናል። አሁን ደግሞ እኔን አናግረኝ።" እሱ እንደገና ተመስገን ሊል ሲል ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲያሞግስ የኖረ ምላስ አያስቸግርም። "ኧረ ድኗል! እንደ አዲስ ነው" አልኳት።

ሽፈራው ቀና አለ። "አልዳንኩም። እርስዎ ስለሚተኙ ነው የማያዩኝ። አሁንም እባንናለሁ። ግን መብራት አብርቼ፣ ግድግዳውን ዳስሼ፣ ቤት መሆኔን ሳረጋግጥ እቀመጣለሁ።"

ሲስተሯ መጻፍ የጀመረችው ይሄኔ ነው። "መጀመሪያ ሲመጣ ይህን ይናገር ነበር?" አለችኝ።

"ስሙንም በግድ ነው የተናገረው።"

"እንግዲህ ውጤቱ እሱ ነው። ተሽሎታል፤ አልጨረሰም። መድኃኒቱም ምክሩም ይቀጥላል።"

ከሰዓት፣ ታቦር

ባጃጅ ውስጥ "አንዴ ድኛለሁ ብትል ምን ነበረበት? ገበያውን አበላሸኸው" አልኩት።

"አስቴርም አምናኝ አጠገቤ ትተኛለች እኮ፣ ጋሼ" አለኝ።

አስቴር በሩ ላይ እንደቆመች "ምን አሉ?" አለች።

"አልጨረስክም አሉኝ። አሁንም እባንናለሁ። ብትመጪም አብረን አንተኛም።"

እሱን ትታ እኔን አየችኝ። "ጋሽ በቀለ፣ እናንተ ጋ ትርፍ ክፍል አለ?"

"የዕቃ ክፍሉ አለ።"

"ከውስጥ ይቆለፋል?"

"ዛሬውኑ መቀርቀሪያ አስገባለታለሁ።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ከልጄ ጋር እመጣለሁ።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ዛሬም ድኛለሁ ብትለኝ ኖሮ በሩን ልዘጋብህ ነበር። እሱን ስንቴ ሰማሁት!"

ማታ፣ ዲላ

የዕቃውን ስንጥቅ ራሱ የሚያሳይ ሻጭ ዘንድ ደንበኛ ይመለሳል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምደረድር ሰው ነኝና አላመንኩም ነበር።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን። "ወንድሜ ድኗል ወይ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" ልል ብዬ ከአፌ መለስኩት።

"ተሽሎታል፤ አልጨረሰም። ይልቅ ነይ፣ ጀሪካኖቹን ከዕቃ ክፍሉ እናውጣ። መዶሻውንም ያዢልኝ።"