የሀስና ድሪቶ ዋጃ ገባ
ደስ ይበላችሁ፣ ዋጃ ከተማ ጋሽ ሙህሲን ሳሎን ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል! የገባ እንግዳ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ እዚያ ይቀራል አሉ። የቆቦዋ ልብስ ሰፊ የሀስና ድሪቶ ነው።

ሀስና ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስትቀይር የኖረች ናት። ለራሷ ደስታ አንዲት ክር አልቀጠለችም። አምና የቦንዳ ካፖርት ኪስ ስትፈትሽ አንድ ካርድ አገኘች፤ ከዋክብት ሥር የተንበረከከች ሴት ከሁለት ማሰሮ ውሃ ታንቆረቁራለች፣ አንዱን መሬት ላይ፣ ሌላውን መልሳ ወንዝ ውስጥ። ልጇ ፈሪሀ በስልኳ ፈልጋ፣ ፈረንጆች ዕጣ ፈንታ የሚያነቡበት ካርታ ነው አለቻት። ሀስና አስተግፊሩላህ ብላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ካርዱ ነደደ፤ ሴትዮዋ ግን አልሄደችም። ቀትር ላይ ቆቦ በሙቀት ጸጥ ሲል፣ ሀስናን የስፌት መኪናዋ ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ትመጣለች። ከዋክብቱ ከዞብል ተራራ በላይ እንደ ማሽላ ፍሬ ተበትነው፣ ውሃው ያለ ድምፅ እየወረደ የሀስናን እግር ያቀዘቅዘዋል። ስትነቃ ጫማዋ ደረቅ ነው፤ እሷ ግን እርጥብ ይመስላታል።

በካርዱ ላይ ሴትዮዋ ራቁቷን ነበረች። ልብስ ሰፊ ይህን እንዴት ትለፈው? መጀመሪያ ቀሚስ ሰፋችላት፣ ከወይን ጠጅ ከፋይ። ከዚያ ሰማዩን ከተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ፣ ከዋክብቱን ከሻሽ ጫፍ፣ ውሃውን ከተረፈ ገበር እያለች ቀጣጠለችው። በስምንት ወሩ አልጋ አከለ።

የፈሪሀ ሠርግም ደረሰ። ሀስና ድሪቶውን ከልጇ ዕቃ ጋር ልትልከው አሰበች። ጎረቤቷ ወለላ ግን ተይ አለቻት፤ ድሪቶ ይዛ የገባች ሙሽራ አማቶቿ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የድሃ ልጅ ስትባል ትኖራለች አለች። ሀስና ልቧ ተከፈለ። ጨርቁን ብትወደው ስድቡ የልጇ ነው።

የሙሽራው አባት ጋሽ ሙህሲን ለሠርጉ ጉዳይ ሲመጡ፣ እንደ ምንም ደፍራ ዘረጋችላቸው። ሰውየው ዋጃ ላይ የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፍ ከተራራ ሲወርድ ለየማሳው ተራ የሚያደላድሉ። አጎንብሰው አዩት። ፈሪሀ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ይዛለች።

«አንቺ ሀስና፣ ይቺ ሴት የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለች ጋሽ ሙህሲን፣ በሕልሜ የምትመጣ ናት።»

«ታዲያ ማሳው አፉን ከፍቶ እያየ፣ ያንን ማሰሮ ምን ብላ ወንዝ ውስጥ ትደፋዋለች? እኛ ዘንድ ብትሆን አስቀጣት ነበር።»

ለካ ስለ ቁርጥራጩ አንድም ቃል አልወጣቸውም! ሀስና እየሳቀች እያለቀሰች መቀሷን አነሳች። ስፌቱን ተረተረች፣ ሰማያዊውን ገበር ወደ ማሳው አዞረች፣ ከሥሩም ከአረንጓዴ መጋረጃ ማሽላ አበቀለች።

በሠርጉ ማግስት ጋሽ ሙህሲን ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ሰቀሉት። ለመጣው ሁሉ «የምራቴ እናት ሥራ ነው» ይላሉ አሉ።

ሮቢት ከተማ ያለችው እህቴ ይህን ገና አልሰማችም፤ ሚኒባሱ ሳይሞላ ልሩጥ።