በወንድሜ ደብተር ያየኋቸው ክቦች

ጽፌ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን የምጽፈው ሰው ፊት ስቆም ቃል ስለሚጠፋኝ ነው፤ ወንድሜ ፊትም ጠፍቶኛል።

የምንኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። አንድ ቀን ከከተማ የተመለሰ ጎረቤታችን ለአባቴ፣ «ልጅህ ደብተሩን በክብ ሞልቶታል፤ የማይታይ ነገር እመረምራለሁ ይላል» አለው። በእኛ አገር ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ክብ ስሎ፣ መሃሉን ዓይን አስመስሎ፣ የማይነበብ ፊደል የሚደረድር ሰው ጠልሰም ጻፊ፣ አስማተኛ ነው ይባላል። በሦስተኛው ቀን አባቴ ጠራኝ።

«በሶ ይዘሽለት ሂጂ። ዓይንሽ ያያል፣ አፍሽ አያወራም። ነገሩ እውነት ከሆነ ትምህርቱ ይቅርበት፤ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ወንድሜ ሊጨርስ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ።

«እታለም! በሶው ነው ያመጣሽ ወይስ የኔ ናፍቆት?» ብሎ ሲያቅፈኝ ያወቀብኝ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሲወጣ ትርፍ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ያንቺው ይሁን። በፈለግሽ ጊዜ ከፍተሽ ግቢ።»

እግሩ ከመውጣቱ ደብተሩን ገለጥሁ። ትልቅ ክብ፣ በመሃሉ እንደ ብሌን የተጠማዘዘች ትንሽ ነገር። ቀጣዩም ገጽ እንደዚያው። ዳር ዳሩን የእኛን «ለ» የመሰለ ፊደል ተደጋግሞ ተጽፏል። አማተብሁ።

ሲመለስ ደብተሩን ገልጬ፣ ወለል ወለሉን እያየሁ ጠየቅሁት።

«ይሄ ክብ ምንድን ነው?»

«የማይታይ ነገር ክምችት ነው፤ ዳርክ ማተር ይሉታል። መሃሉ ላይ ያለችው ጋላክሲ ናት፤ የከዋክብት መንደር በያት።»

«ካልታየ መኖሩን ማን ነገረህ?»

ሳቀ። «ከዋክብቱ ናቸዋ! በዚያ ፍጥነት ሲዞሩ የሚይዛቸው ነገር ባይኖር ተበታትነው ነበር።»

«ይህችስ?» አልሁ ፊደሏን እያሳየሁ።

«የግሪክ ፊደል ናት፤ ኮስሞሎጂካል ኮንስታንት ለሚሉት ነው የምንጽፋት። ሰማዩ እየፈጠነ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ነገር የምትለካ ቁጥር ናት።» ፊቴን አየና ሌላ መንገድ ፈለገ። «ክቡን የእኛ ገበያ ነው ብለሽ አስቢ። ሰው ከየቀበሌው እየመጣ ሳለ መንገዱ ሁሉ መርዘም ጀመረ እንበል። ገበያ የደረሰው ምንም አይሆንም፤ ይሸጣል፣ ይገዛል። መንገድ ላይ ያለው ግን ይሄዳል ይሄዳል፣ አይደርስም። ገበያውም ከዚያ ወዲያ አያድግም። ይህች ቁጥር ትልቅ ብትሆን ኖሮ መንገዱ ገና በማለዳ ይረዝም ነበር። ያን ጊዜ ትልቅ ገበያ የለም፤ እዚህም እዚያም ጉልት ብቻ።»

«ጋላክሲዋስ?»

«እሷ ገበያው መሃል ያለች ጠላ ቤት ናት። ገበያተኛው ከቀረ በምን ትሰፋለች? መጠኗ ምን ያህል ይለወጥ ነበር የሚለውን ነው የምፈልገው። ገና አላገኘሁትም።»

ይህ «ገና አላገኘሁትም» ያለው ይበልጥ አጠራጠረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተፈልጎ የማይገኝ ነገር ምንድን ነው? ገበያ ከሆነስ ስለ ምን ዓይን ያስመስለዋል? በማግስቱ ልሄድ ነው ብዬ ተሰናበትሁት። እሱ ወጣ፤ እኔ ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በሩን ቆልፌ ሚኒባስ ያዝሁ።

አባቴ ደብተሩን በእጁ አልነካውም። ዲማ ገዳም ተምረው የእኛን ደብር ልጆች ወደሚያስተምሩት የኔታ ወሰደኝ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አንድ በአንድ ገለጡ። ቆዩ።

«ጠልሰምስ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

«በምን አወቁ፣ የኔታ?» አለ አባቴ።

«ጠልሰም የሚጽፍ ሰው ተሳሳትሁ አይልም፤ ቢልማ ማን ያምነዋል? ይህ ልጅ ገጽ ሙሉ ሰርዞ፣ ከግርጌው ‹ስህተት፤ እንደገና› ይላል። ይኸው እዚህም። እዚህም።»

«ሰይጣን ቢያጽፈውስ?»

«ሰይጣን እንዲህ ቢለፋ ኖሮ በጸደቀ!»

አባቴ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልሆነለትም። «ይጨርስ እንግዲህ» አለ፤ ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሳያውቅ መልሽለት» አለኝ።

ሳያውቅ መመለስ አልተቻለም። ስደርስ ፍራሹ ተገልብጧል፣ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ናቸው። ወንድሜ አጠገቡ ከተከራየው የትምህርት ጓደኛው ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ሌባ ብሎታል። እኔን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠረጠረኝም። ነጠላዬን ስፈታ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ።

ያለቃቀስሁትን ሁሉ አልጽፍም። አባቴ የላከኝን፣ የኔታ ያሉትን፣ ይጨርስ መባሉን ተንተባትቤ ነገርሁት። በሰይጣኑ ቀልድ ፈገግ አለ፤ ጣቶቹ ግን ገጾቹን እየቆጠሩ ነበር። ሲጨርስ ተነሥቶ ወደ ጓደኛው ክፍል ሄደ። በግድግዳው በኩል ይቅርታ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ጓደኛው ምን እንዳለው አልተሰማኝም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። በመንገድ ላይ ስለ ገብሱ ጠየቀኝ፣ ስለ ላሟ ጠየቀኝ። ሚኒባሱ ሲሞላ በመስኮቱ በኩል እጁን ዘረጋ። ልሰናበተው እጄን ስሰጠው መዳፉን ገልብጦ ጠበቀ።

«ቁልፉን ስጪኝ። ከእንግዲህ ስትመጪ አንኳኪ።»