የታምሬ ኮት በዜና ላይ

ቆቦ ውስጥ በግትርነት የሽንኩርት ገበሬውን ታምሬን የሚያህለው የለም። ሰው ሁሉ ባለቀለም ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ እሱ ጀርባዋ ያበጠውን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኑን ሙጭጭ አለ። «ቀለም ለዘፈን ነው፤ ዜና ቁም ነገር ነው» ይላል። ሚስቱ ከፈለች ስንት ዓመት ጨቀጨቀችው። እሱ እቴ!

አንድ ቀን ጋዜጠኞች የመስኖውን ሽንኩርት ሊቀርጹ መጡና «ነገ እርስዎን እናነጋግራለን» አሉት። እየሮጠ ቤቱ ገባ። ለምን መሰላችሁ? የዋጃ ሰዎች ሴት ልጁን ፍሬዓለምን ለወንድ ልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ እያዘጋጁ ነበር። ተጎሳቁሎ ቢያዩትስ? አረንጓዴ ኮቱን ከሳጥን ሲያወጣ፣ ወይ ጉድ፣ አንዱን እጅጌ አይጥ ዘልዝላዋለች። ልብስ ሰፊው ዘይኑዲን ዘንድ የተገኘው ጨርቅ ደግሞ ቀይ ብቻ ነው።

«አያ ታምሬ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«በዜና ላይ ሁሉም ጥቁር ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ስፋ!»

በማግስቱ ኮቱን ለብሶ ተቀረጸ፤ ማታ ራሱን በራሱ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ አቤት ማማር! ድፍን ጥቁር ኮት የለበሰ ጌታ ሰው። ጠዋት ገበያ ሲወጣ ግን ቆቦ በሳቅ ፈረሰ። «እጅጌውን ከማን ተዋስከው?» የማይለው የለም።

«ቴሌቪዥኖቻችሁ ናቸው የቀቡኝ!» ብሎ ድርቅ አለ።

ከፈለች ኮቱን ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። «ይሄንንስ ማን ቀባው?»

ታምሬ ኮቱን ነጥቆ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። የልጄን ዕድል በገዛ እጄ አበላሸሁት ብሎ አንጀቱ አረረ። ሽማግሌዎቹ ቢመጡ እንኳ በአሮጌዋ ቴሌቪዥን እንዳይንቁት ብሎ ወይፈኑን ሸጦ ትልቅ ባለቀለም ቴሌቪዥን ገዛ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። የወንዱ ልጅ አጎት ደምሴ ገብቶ ለመቀመጥ እንኳ ፈራ ተባ አለ።

«አያ ታምሬ፣ እኛ ድሆች ነን፤ ቤታችን ያለችው ያችው የጥንቷ ጥቁርና ነጭ ናት። በዚያ ጥቁር ሱፍ ስናይዎት፣ ይሄ ጌታ ለእኛ ልጁን አይሰጥም ብለን ልንቀር ነበር።»

ታምሬ ነፍሱ ተመለሰች። ምን ያደርጋል፣ ደምሴ አዲሱን ቴሌቪዥን አየና ቀጠለ፦ «ዜናውን አሁን ይደግሙታል አሉ። እስቲ ያንን ሱፍ በዚህ በትልቁ እንየው!»

ታምሬ ተወርውሮ ሶኬቱን ነቀለ። «ውይ፣ መብራት ሄደ!»

ሽማግሌዎቹ ከአናታቸው በላይ ቦግ ብሎ የሚበራውን አምፖል ቀና ብለው አዩ። ከፈለች ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ኮቱን አምጥታ ደምሴ ጉልበት ላይ ጣለችው። ደምሴ ቀዩን እጅጌ አገላብጦ አየና እንባው እስኪፈስ ተንከተከተ።

«እፎይ!» አለ ተደላድሎ እየተቀመጠ። «ለካ እኩያችን ነዎት! በሉ፣ ልጅቱን ስጡን።»