የጋሼ ጃኬት ዚፕ

ለንደን፣ ኬኒንግተን ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር የጋሼ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ የደም ካንሰር ይዟቸው በየሳምንቱ ሆስፒታል እንመላለሳለን። እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። እንግሊዝኛውንም ባዮሎጂውንም ለብቻዬ የተማርኩት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው። ስተረጉም አንዲት ቃል መዝለል እንደ ወንጀል ይታየኝ ነበር።

አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ በሽታቸውን በጃኬታቸው ዚፕ አስረዳኋቸው።

«ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይቀዳል» አልኩና ዚፑን ወደ ታች ሳብኩ። «እንዲህ ለሁለት ይለያያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግማሽ፣ ጥርስ በጥርስ እየገጠመ፣ የጎደለው ጎኑ አዲስ ይሠራለታል። አንዱ ዚፕ ሁለት ዚፕ ይሆናል። ጤነኛው ሴል ማቆሚያውን ያውቃል፤ የእርስዎ ሕመም ግን አያቆምም። መድኃኒቱ ይህን መቅዳት ነው የሚያግደው።»

«ታዲያ ጠጉሬ ምን አደረገ? አፌስ ለምን ቆሰለ?»

«መድኃኒቱ አይለይም ጋሼ። ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ሁሉ ይመታል።»

«አብዮት ጠባቂ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። የተሰነጠቀ ከንፈራቸው ደማ።

እኔ አልሳቅኩም። ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአብዮት ጠባቂዎች መገደሉን ከሰማን ወር አልፎን ነበር። ሌላው የለንደን ሰፈር ሃርልስደን የተሰበሰቡት የአገራችን ሽማግሌዎች፣ ሕክምናውን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረውም ብለው ወስነዋል። «አንተም እንዳትቀባጥር» ብለውኛል።

የዚያን ዕለት ሐኪሙ፣ ወንድም ካለ የአጥንት መቅኔው ለጋሼ ሊስማማ ስለሚችል ይመርመር አለ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አለኝ በለው! አንድ የእናቴ ልጅ አለኝ። ይመጣል። እሱ እስኪመጣ ይህን መርዝ አልወስድም በለው!»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ማቋረጥ አደገኛ ነው አለ፤ እሱንም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። ለሟቹ የጻፉትን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቴምብሩን ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩ።

ስድስት ሳምንት ጠበቁ። መጀመሪያ አፋቸው ዳነ፣ ጠጉራቸውም እንደ ሕፃን ጠጉር ብቅ አለ። በመስታወት እያዩት፣ «ሲመጣ ራሰ በራ ሆኜ አያገኘኝም» ይሉ ነበር። ቀጥሎ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ድዳቸው ይደማ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ጨነቃቸውና አንድ ማለዳ መጥተው የወንድማቸውን መርዶ አረዷቸው።

ጋሼ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለሐኪሙ ስትነግርልኝም?»

«አዎ።»

«እነዚያ ሴሎችስ» አሉ ደረታቸውን እየነኩ፣ «ይህን ሁሉ ሳምንት ሲቀዱ፣ ሲባዙ ነበር?»

«ያለ ዕረፍት» አልኳቸው።

ሆስፒታል ለመሄድ ጃኬታቸውን ለበሱ። ዚፑን ልዘጋላቸው ጎንበስ አልኩ። እጄን መትተው አስለቀቁኝ።

«ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉልኝ» አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ ጃኬታቸው እንደተከፈተ ወደ ብርዱ ወጡ።