ከሸክላው አንገት ሥር

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። ጎረቤቴ የነበሩት ኢራናዊ ቀራፂና ሠዓሊ በሕይወት ሳሉ፣ እዚህ ጀርመን፣ ሰፈራችን ሮደልሃይም ድረስ መጥቶ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አላየሁም። ከሞቱ በኋላ የሥራዎቻቸው ኤግዚቢሽን ሲከፈት ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሁሉም የልብ ወዳጃቸው ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ 2006 ግድም ነው። እኔ ፍሉግሃፈን፣ ማለት አየር ማረፊያው ውስጥ፣ አውሮፕላን አጸዳለሁ፤ እሳቸው ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚሠሩት ምድር ቤት፣ ሌላው ተከራይ ብስክሌቱንና አሮጌ ሻንጣውን በሚያጉርባት ክፍል ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጭቃ በለበሰ እጃቸው ደረታቸውን ነክተው ሰላም ይሉኛል። የምናወራው በጀርመንኛ ነው፤ የሁለታችንም የተሰባበረ ስለነበር የሚያፍር አልነበረም።

አንድ ቀን ፊቴን ልሥራው አሉኝ።

«የእኔን? ደግሞ ምን የሚታይ አለኝና?» ብዬ ሳቅሁ። ግን እሺ አልኩ። ክረምቱን ሙሉ፣ ከጠዋት ሺፍት ስመለስ እየወረድኩ ተቀመጥኩላቸው። እየሠሩ ያጫውቱኛል። በአገራቸው ለአንድ አደባባይ ሐውልት ሠርተው ነበር። ዘመን ሲለወጥ ሐውልቱን ተዉት፤ የእሳቸውን ስም ግን ከመሠረቱ ላይ በመሮ ፈቀፈቁት።

«ሐውልቱን ቢሰብሩት ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።

ለዚህም ነው ፊቱን የሠሩለትን ሰው ሁሉ፣ ስሙን በገዛ እጁና በገዛ ፊደሉ የሚያጽፉት። ጭቃው ሳይደርቅ ሹል እንጨት አቀበሉኝ፤ ከአንገቱ ሥር ስሜን ከነአባቴ በአማርኛ ጻፍኩ።

ጭቃው እሳት ገብቶ ሸክላ ከሆነ በኋላ «የአንቺ ነው፣ ውሰጂው» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! ይህን ሁሉ ደክመውበት?»

ሦስት ጊዜ ለመኑኝ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩ። እኔ እኮ «በሞቴ» እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። በእሳቸው አገር ወግ ግን ሦስቴ እምቢ ያለ ሰው ከልቡ ነው። ጨርቅ አልብሰው መደርደሪያው ላይ መለሱት። ኋላ ነገሩን ስንረዳው በሳቅ ሞትን። «በይ እንግዲህ፣ በሞቴ!» አሉኝ። ያን ጊዜም ይሉኝታ ይዞኝ «ሌላ ቀን እወስደዋለሁ» አልኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ! አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ሞተው፣ ተቀብረው፣ ምድር ቤቷም ተጠርጋ ጠበቀችኝ። ዕቃውን ዘመድ ወስዶታል ተባለ።

ሁለት ዓመት አልፎ ባቡር ጣቢያ ፎቶግራፋቸውን የያዘ ማስታወቂያ አየሁ። ከሥራ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴን አስከትዬ ሄድኩ። መድረክ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ሰውን ከመረሳት ያዳነ ጥበበኛ» ይላል። ከጀርባው ደግሞ የእኔ ራስ መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «አፍሪካዊት ሴት፤ ማንነቷ ያልታወቀ። ከአንገቱ ሥር ጌጣዊ ጭረቶች ይታያሉ።»

ጭረቶች! የአባቴ ስም ጭረት ሆነ! ደሜ ፈላ። እኚያ ሰውዬ ስማቸው በመሮ ሲፈቀፈቅ ያዩ ናቸው። እዚህ ደግሞ በጭብጨባ መሐል ያው ነገር በሥራቸው ላይ ተደገመ።

የኤግዚቢሽኑን አዘጋጅ ጠራኋት። «ይህች ሴት እኔ ነኝ። ይህም ጭረት አይደለም፣ ፊደል ነው፤ ስሜ ነው» አልኳት።

ፈገግ አለች። «በጣም ደስ ይላል! ግን እንዲሁ መቀየር አንችልም፤ ማስረጃ አያይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ።»

እህቴ እጄን ጎተተችኝ። «ተይ በጌታ፣ ሰው እያየን ነው። ቴርሚን ያዢና በቀጠሮ ሌላ ቀን እንምጣ።»

ሌላ ቀን! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን ዝምታዬ ነቅዞ በላኝ። ፍሉግሃፈን የምገባበት፣ ፎቶዬና ስሜ ያለበት መታወቂያ፣ አውስቫይሴ፣ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። አወለቅሁትና በሸክላው ራስ አሳልፌ አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት።

«እባክዎ፣ ሥራውን አይንኩ! ያውልቁት!» አለች አዘጋጇ።

«መጀመሪያ አንብቢው» አልኳት።

ወደ ፎቶው አየች፣ ወደ ሸክላው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ፊቷ ቀልቶ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠራችው። አሰባብራ ነው የጠራችው። ቢሆንም ጠርታዋለች።

አውስቫይሴን አወለቅሁና ሸክላውን በሁለት እጄ አነሣሁት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰጥተውኝ ነበር» አልኳት። «አሁን ነው የምወስደው።»